ለሶልያና የሰጠሁት ምክር

ለንስሐ አባቴ ብዙ ጊዜ ቀርቤያለሁ፤ በቀረብኩ ቁጥር ይህን ዘልዬዋለሁ። ሐሜቱን ተናግሬያለሁ። ጾም የገደፍኩበትን ቀን ተናግሬያለሁ። አንድ ጊዜ፣ ወደዚህኛው ጠጋ ለማለት ብዬ፣ «አባ፣ ቂም አለብኝ» አልኳቸው። «ማን የሌለበት አለ ልጄ» ብለው ስግደት ሰጡኝ፤ ጉልበቴ እንደማይችል እያወቁ። እኔም በዚያው አለፍኩ። ለልጄ አልነገርኩም። ለጓደኞቼማ፣ እነሱ የሰሙትን ኦክላንድም ሳን ሆዜም በአንድ ቀን ይሰማዋል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎቼ ናችሁ። ስግደት አትስጡኝ። እስከ መጨረሻው ስሙኝ ብቻ፤ መሃል ላይ ራሴን መከላከል ስጀምር ደግሞ አትመኑኝ። እጀምራለሁና።

የበደልኳት ልጅ ሶልያና ትባላለች። ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ትኖር ነበር፤ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የበደልኳት በምክር ነው። አልሰረቅኳትም፣ ስሟን አላጠፋሁም። ቁጭ አድርጌ መከርኳት። ምክሩም ማንም የሀበሻ እናት ብትሰማው «እሰይ፣ ደግ አደረግሽ» የምትለው ዓይነት ነው። ጨዋ ልጅ ራሷን አታመሰግንም አልኳት። በደሌ ይኸው ነው።

አያችሁ፣ በደል አይመስልም። ስለዚህ ነው ይህን ያህል ዓመት ይዤው መቀመጥ የቻልኩት።

እኔ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳን ሆዜ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቢሮ ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ የተማሪዎችን ማመልከቻ ማንበብ ነበር። ማን ይግባ፣ ማን ስኮላርሺፕ ያግኝ ብለው የሚወስኑት ሰዎች ዘንድ ከመድረሱ በፊት ወረቀቱ በእኔ እጅ ያልፋል። ከሃያ ዓመት በላይ። ፈረንጅ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚፈልግ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ» የሚል ልጅ ይፈልጋል። ዓይኑን ሰብሮ፣ «ሰዎች ረዱኝ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ፋይሉ ከሥር ይገባል። ስንት ጎበዝ የሀበሻ ልጅ በዚህ ምክንያት ብቻ ከሥር ሲገባ አይቻለሁ! ጡረታ ስወጣ ሰዉ ልጆቹን ወደ እኔ መላክ ጀመረ። ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ኤሴያቸውን፣ ስለ ራሳቸው የሚጽፉትን ጽሑፍ፣ አይላቸው ነበር። ለሁሉም የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ «እናትህ ያስተማረችህን ትሕትና እቤትህ ተወው። እዚህ ወረቀት ላይ ፎክር።» ፎከሩ። ብዙዎቹም አገኙ። እናቶቻቸው ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ጉንጬን ስመው አይጠግቡም።

ለአንዷ ብቻ ተቃራኒውን ነገርኳት። ለአንዷ ብቻ።

ለምን ስትሉ፣ ስለ እናቷ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ተጠንቀቁልኝ፤ ስለ ጥሩወርቅ ስናገር ድምፄ ይቀየራል።

ጥሩወርቅ በሱዳን በኩል በስደት የመጣች ሴት ናት። ሄይዋርድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ባለቤቴን በየነን ስትሮክ ሲመታው ያስገባነው እዚያ ነበር፤ ሰባት ወር ተኛ። እኔን አያውቀኝም ነበር። ይባስ ብሎ በእናቱ ስም ይጠራኝ ነበር፤ እናቱ ደግሞ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ወዳኝ የማታውቅ ሴት ናት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ፣ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ፣ እመለሳለሁ። በሌላው ቀን አልሄድም። ለምን? አልቻልኩም። አልቻልኩም ማለት አልፈለግኩም ማለት እንደሆነ አላውቅም። የሚያጎርሰው ጥሩወርቅ ነበረች። ጺሙን የምትላጨው እሷ። ሲሞትም እጁን የያዘችው እሷ ናት፤ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ።

በሰልስቱ ቤቴ በሴቶች ሞልቶ ሳለ አንዷ «ጋሽ በየነ ተሠቃዩ ይሆን?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን እንዲያው። ጥሩወርቅ ከጥግ ብድግ ብላ፣ «ኧረ አልተሠቃዩም! እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። እትዬ ሶስና እሑድ እሑድ ብቻ ነው የሚመቻቸው፤ ምን ያድርጉ፣ ሥራ ይበዛባቸዋል» አለች።

ሥራ ይበዛባቸዋል! ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ይህን ያውቃል። አንዷ አሳላት። ሌላዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ማንም ወደ እኔ አላየም፤ አለማየታቸው ከማየት ባሰብኝ።

ጥሩወርቅ ይህን ከክፋት ትበለው ከየዋህነት ሳመነዥገው ኖሬያለሁ። አንዳንድ ቀን ክፉ ናት እላለሁ፤ ሰባት ወር ሙሉ የታዘበችኝን በመላ ሴት ፊት ዘረገፈችው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ልትሸፍንልኝ የፈለገች ይመስለኛል፤ ይህ ደግሞ ይብስብኛል። እሷ ማን ሆና ነው ለእኔ ሰበብ የምትፈልግልኝ? ውሸት ተናግራ ቢሆን በዓመቱ እረሳው ነበር። የተናገረችው እውነት ስለነበር አልረሳሁትም።

ይኸው፣ ኑዛዜ ብዬ ጀምሬ የሰው ኃጢአት እየቆጠርኩ ነው። ወደ ራሴ ልመለስ።

ከዚያ አራት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ጥሩወርቅ ደወለች። «እትዬ፣ ሶሊ ስኮላርሺፕ አፕላይ ልታደርግ ነው። ትልቁን። ሰዉ ሁሉ እርስዎ ያዩት ኤሴይ አይወድቅም ይላል። እባክዎ ልጄን ይዩልኝ።»

ትልቁ የምትለው የአንድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ ነው። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ቢገቡ አራቱን ዓመት ሙሉ ይሸፍናል፣ ከዶርም እስከ መጽሐፍ። ከመላው ግዛት የሚያገኙት ጥቂት ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ ያለፉት ኢንተርቪው ይጠራሉ። ለእነጥሩወርቅ ቤት ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ይህ ከመጣ ሶልያና የተቀበላት ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች፤ ካልመጣ አትሄድም።

«ላኪያት» አልኩ። ወዲያው። ጊዜ እንኳን አልወሰድኩም። ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት? «ላኪያት» ስል ክፋቱ በውስጤ ነበር ወይስ ገና አልመጣም? ይህን ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ። አላውቅም። ለመርዳት ብዬ የጠራኋት ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ አልምልም።

ቅዳሜ ጠዋት ከፍሩትቬል ባቡር ይዛ ሳን ሆዜ ቤሪየሳ ጣቢያ ወርዳ፣ ከዚያ በአውቶቡስ መጣች። ረጅም፣ ድምፀ ትልቅ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ የምትስቅ ልጅ። ገና ከበሩ «አንቺ ነሽ እትዬ ሶስና?» አለችና አፏን ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ሶሪ፣ እርስዎ! እርስዎ! ማዘር ትገድለኛለች።» ፍሪጄን ራሷ ከፍታ ውሃ ቀዳች። ወደድኳት። ይህን ጻፉልኝ፤ ገና ሳያት ወደድኳት። ጠልቻት ቢሆን ነገሩ በቀለለኝ።

ቆማ ኤሴይዋን አነበበችልኝ። ከትምህርት ቤቷ አጠገብ ያለ መንገድ ላይ አንዲት ጎረቤታቸውን መኪና ገጭቷት ነበር። ሶልያና በማግስቱ ደብተር ይዛ መንገዱ ዳር ቆመች። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከክፍል በፊት እየቆመች የማይቆሙትን መኪናዎች ስትመዘግብ ከረመች። ቤት ለቤት ሄዳ አስፈረመች። የከተማው ምክር ቤት ፊት ቆማ ተናገረች። መጨረሻ ላይ የእግረኛ መብራት ተተከለ። በምርቃቱ ቀን አንድ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ተነሥቶ «ይህን ያሳካነው» እያለ ሲናገር፣ ይህች ልጅ እጇን አውጥታ «ይቅርታ፣ ሐሳቡ የእኔ ነው፤ የቆምኩትም እኔ ነኝ» አለች። ይህንንም ጽፋዋለች። ሰዉ ሲስቅባት እንዳላፈረች ጽፋለች።

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ያነበብኩት ጥቂት ጊዜ ነው። ሲመጣ ብድግ ብዬ አለቃዬ ቢሮ ይዤው እሄድ ነበር። እንደምታገኝ አወቅኩ። ሰው እንደሚዘንብ በደመናው እንደሚያውቅ አወቅኩ።

አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ «ሶ?» አለችኝ። ቅንድቧን ከፍ ስታደርግ እናቷን መሰለች። ያቺን፣ ከጥግ ብድግ ያለችውን።

«ሶልዬ፣ ይሄ ሁሉ እኔ እኔ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ዋት ዱ ዩ ሚን?»

«ጨዋ ልጅ ራሷን አታመሰግንም። ሥራሽ ያመስግንሽ።»

«ግን እኮ እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

«እሱን እነሱም ያውቁታል። ዝም ስትዪ ነው የሚያከብሩሽ።»

«የትምህርት ቤት ካውንስለሬ ግን ተናገሪ፣ ፑሽ አድርጊ አለችኝ። ላይክ፣ ብራግ አድርጊ፣ ጉራ ንዢ።»

«ካውንስለርሽ እንዲህ ያለ ወረቀት ማንበብ ከጀመረች ስንት ዓመቷ ነው? እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ነው።»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። በሃያ ዓመት ልምዴ ለውሸቱ ዋስ ገባሁለት። እስክሪብቶዬን አንሥቼ «እኔ» የሚለውን እየሰረዝኩ «የሰፈራችን ሰዎች» አልኩ። «ተናገርኩ» የሚለውን «ዕድል ተሰጠኝ» አልኩ። የምርቃቱን ቀን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። አንድ ቦታ ላይ እጄ ቆመ። ይህንን ተዪው፣ እውነቱን ንገሪያት የሚል ነገር መጣብኝ። መጣና ሄደ። ማን እንዳባረረው አላውቅም፤ እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን አለ?

አሁን መከላከል የምጀምርበት ቦታ ደርሰናል። እናቴ እኔን እንደዚያው ነው ያሳደገችኝ። ራሱን የሚያሞግስ ሰው ያቅለሸልሸኛል፤ ሃያ ዓመት ፉከራ ሳነብ ያቅለሸልሸኝ ነበር። እና ያን ቀን የተናገርኩት ምናልባት እውነተኛው እኔ ብሆንስ? ለሌሎቹ ልጆች «ፎክሩ» ያልኩት ለእንጀራ፣ ለሶልያና ያልኩት ከልቤ ቢሆንስ? እንዲህ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ለጥቂት ሳምንት አምኜውም ነበር። ግን ከእሷ በኋላ በመጣው ልጅ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ያው ጠረጴዛ ላይ፣ «ፎክር» አልኩት። ታዲያ ልቤ የት ሄዶ ነበር?

እንዲያም ሆኖ ጽሑፉ አለፈ። የአስተማሪዎቿ ደብዳቤ ጠንካራ ስለነበር ይሆናል። ኢንተርቪው ተጠራች። እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ፤ ለእሷ አይደለም፣ ለእኔ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ «ሶልዬ፣ ያን ቀን ተሳስቻለሁ» ብላት ያበቃ ነበር። ምን አደረግኩ? ፊት ለፊቴ ወንበር ላይ አስቀምጬ አለማመድኳት። ዓይንሽን ዝቅ አድርጊ አልኳት። ሲያሞግሱሽ ሌሎች ናቸው በይ አልኳት። ስትስቅ ደግሞ «ይህን ሳቅ እቤትሽ ተይው» አልኳት። ይሄኛውን ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሳቋ ምን አደረገኝ?

ኢንተርቪው የነበረው ፕሌዘንተን ከተማ ነው፣ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ውስጥ። እናቷ ከሥራ አስፈቅዳ በመኪና ወሰደቻት። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ! ልክ እንዳሉኝ አደረግኩ!»

«ምን ጠየቁሽ?»

«የመብራቱ ነገር የማን ሐሳብ ነው አሉኝ። የሰፈሩ ነው አልኩ። አንቺስ ምን አደረግሽ አሉኝ። ትንሽ አገዝኩ አልኩ። አንዷ ሴትዮ እኮ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ! ሦስቴም እምቢ አልኳት!»

ከጀርባ ጥሩወርቅ «እልል» ስትል ይሰማኛል።

«ጎበዝ» አልኩ። «ጎበዝ የኔ ልጅ።» ይህን ቃል አሁን ሳስበው አፌ ይመረኛል።

አላገኘችም። ካውንስለሯ ደውላ ስትጠይቅላቸው «ልጅቷን ወደናት ነበር፤ ግን እሷ ራሷ ምን እንዳደረገች ልናውቅ አልቻልንም» አሏት። ይህን የነገረችኝ ሶልያና ናት፣ ያለ ቁጣ። «ያላለልሽ ነው» አልኳት። ያላለላት! ያላለላት እኔ ሆኜ ሳለሁ እግዚአብሔር ላይ ላከክኩት።

ደስ አለኝ ወይ? ይህንንም ልናገር። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ለአንድ ሁለት ቀን ጥሩወርቅን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ቀለል ይል ነበር፤ ዕዳዬን እንደከፈልኩ ሰው። ከዚያ ጥሩወርቅ ራሷ መጣች። ከጓሮዋ የቆረጠችውን ጎመን በትልቅ ከረጢት ይዛ፣ «ደከሙላት፤ ውጤቱ የፈጣሪ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጄን ልትስም አጎነበሰች። ጎመኑን ተቀበልኩ። ሠርቼ በላሁት። ጥሩ ጎመን ነበር።

ሶልያና እዚያው ኦክላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባች፤ ኤርፖርት ውስጥ በአንድ ሱቅ እየሠራች። በዚህ አለቀ አልኩ። ምናልባት እኔ ባልኖርም አታገኝም ነበር፤ ስንት ጎበዝ ልጅ አለ አልኩ። እውነትም ይሆናል። ማንም ሊያውቀው አይችልም። አለማወቁ ውስጥ ሦስት ዓመት ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ወር ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ቆምኩ። አንድ ወረቀት ተለጥፏል፣ በእንግሊዝኛ። ዘንድሮ ለስኮላርሺፕ ለሚያመለክቱ የሃይስኩል ልጆች ምክር ይላል። አደረግኩ አትበሉ፣ አደረግን በሉ። ሲያመሰግኗችሁ ምስጋናውን ለሌላ ስጡ። ሥራችሁ ይናገር፣ እናንተ አትናገሩ። ከሥር፦ «እትዬ ሶስና ካስተማሩኝ። ሶልያና።» ሁለት ልጆች ወረቀቱን በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ነበር።

ለአንዷ ብዬ የቀመምኩት መርዝ በስሜ ለልጁ ሁሉ ሲታደል ቆይቷል! ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ታስጠናለች አሉኝ። ስንት ልጅ ሰምቷት ይሆን? ስንቱ ፋይል ከሥር ገብቶ ይሆን?

ሶልያና ራሷ አየችኝና መጣች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። «እንዴት ሰነበቱ?» አለች፣ አንድም ቃል ሳትሳሳት። ስትስቅ አፏን በእጇ ሸፈነች። ድምፅዋን ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

«ሶልዬ፣ ይሄ ወረቀት... ጊዜው እኮ ተቀይሯል። ልጆቹ ትንሽ ቢናገሩ አይሻልም?»

«ኧረ እትዬ! እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩኝ። ልክ ነበሩ። ስኮላርሺፑ ቢቀርም ልክ ነበሩ። ያኔ ላይክ፣ በጣም ላውድ ነበርኩ፣ ጯሂ። ሳስበው አፍራለሁ።»

ታፍራለች። እንዳላፈረች የጻፈችው ልጅ ታፍራለች። ኮሌጅ ውስጥ የሠራችውን ሥራ የቡድን ጓደኛዋ የራሷ አድርጋ አቀረበችው አሉ፤ «ምንም አይደል» ብላ ዝም አለች። እናቷ ይህን በኩራት ነው የምታወራው። ሰዎች ሶልያናን የጨዋ ልጅ ምሳሌ አድርገው ይጠሯታል። እኔ ግን ፍሪጄን የከፈተችውን ልጅ ነው የምፈልጋት፤ የለችም። ገንዘቡን ነው የቀማኋት ብዬ ነበር የማስበው።

አጠገቧ ታናሿ ኤደን ቆማ ነበር። እሷም ዘንድሮ ትጨርሳለች። «እኔም ኤሴዬን በእርስዎ ሩል ነው የጻፍኩት» አለችኝ። ያንኑ፣ ትልቁን ስኮላርሺፕ ነው የምታመለክተው።

ቅዳሜ ባቡር ይዤ ፍሩትቬል ሄድኩ። ልናገር ነው የሄድኩት፤ በዚህ እምላለሁ። ሦስቱም ሳሎን ነበሩ። ሻይ ቀረበ። ሳልጠጣ ተነሣሁና «የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነው» አልኩ።

ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ጥሩወርቅ ከመቀመጫዋ ዘለለች።

«ኧረ በማርያም! ኧረ እትዬ ይቀመጡ! ትልቅ ሰው ቆሞ ይቅርታ? ምንም ይሁን ምን፣ ይቅር ብለናል! ሶሊ፣ በያ!»

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ እትዬ» አለች ሶልያና፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ።

«ኤደን፣ አንቺም!»

«እኔም። ግን ለምንድን ነው?»

«ዝም በይ አንቺ! ትልቅ ሰው ለምን ተብሎ ይጠየቃል?»

ልቀጥል አፌን ስከፍት ጥሩወርቅ እግሬ ላይ ወደቀች። «የበደልኩዎትስ እኔ ነኝ» አለች እያለቀሰች። «በጋሽ በየነ ሰልስት ያን ቀን አፌ አመለጠኝ። ልሸፍንልዎት ብዬ አጋለጥኩዎት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ፊትዎን ማየት ያሳፍረኛል። ስንት ዓመት ይቅር ይበሉኝ ልል ፈልጌ ፈራሁዎት።»

ይኸው፤ ለስንት ዓመት ሳመነዥገው የኖርኩት ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። ምን አልኩ? «ተነሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አልኩ። እኔ! እኔ ይቅር አልኳት! ተቃቀፍን። ከዚያ በኋላ እንዴት ልናገር? ምሳ ቀረበ፤ በላሁ። መርቄያቸው ወጣሁ። ባቡር ውስጥ ስቀመጥ ሳልናገር ይቅር ተብያለሁ፤ የሰደበኝን ሳይሆን የሰደበኝ የመሰለኝን ሰው ይቅር ብዬ። ግራ ገባኝ። አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። ልጅቷን ዝም ያሰኘሁበት ጨዋነት እኔንም ዝም አሰኘኝ፤ ልዩነቱ እኔን ጠቀመኝ።

ኤደን፣ «ለምንድን ነው?» ብለሽ የጠየቅሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን የጻፍኩት ላንቺ መልስ ነው። ከማንም በፊት ለሦስታችሁ ይደርሳችኋል፤ ከዚያ ልጆቹን ለሚያመጡት ወላጆች ሁሉ። ማመልከቻሽ ሊዘጋ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። በእኔ ሩል የጻፍሽውን ቅደጂው። የሠራሽውን «እኔ ሠራሁ» ብለሽ ጻፊ። ወረቀቱም ከሰሌዳው ይውረድ፤ ስሜም አብሮ ይውረድ።

ሶልያና፣ አልተሳሳትኩም ነበር። ጊዜው አልተቀየረም። ምን እንደሚፈልጉ አውቅ ነበር፤ ለሌሎቹ ሁሉ ነግሬ ላንቺ ከለከልኩሽ፤ በእናትሽ ቂም። አንቺ ላውድ አልነበርሽም። ልክ ነበርሽ።

ይቅር በሉኝ ብል እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ታያላችሁና ሌላ ማለት አትችሉም። ስለዚህ አልልም። ያን ቅዳሜ የሰጣችሁኝን ይቅርታም መልሼላችኋለሁ፤ ሳታውቁ የሰጣችሁት ነውና የእኔ አይደለም። አውቃችሁ ብትከለክሉኝ ይሻለኛል።